ሥራው ጭፈራ ነው

ሀዲያ ሰባት ዓመት ጂዳ የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ በ2010 ወደ ሐይቅ ከተማ ስትመለስ፣ አገሩ ሁሉ «ለውጥ መጣ» እያለ ነበር። እሷ ለውጡን ያየችው ሰርግ ላይ ነው። ዲጄው ከነስፒከሩ ድንኳኑን ሞልቶታል። ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሰው በመስመር ቆመዋል፤ እጃቸውን እኩል ያነሳሉ፣ እኩል ይዞራሉ። ሁሉም የሚያየው ካሜራውን ነው። ወንድና ሴቱ አይተያይም።

ያናደዳት ይሄ ነው። እሷ ስታድግ ጭፈራ ማለት ፊት ለፊት ነበር። ወንዱ ይመጣል፣ ፊትሽ ይቆማል፣ ትከሻውን ይሰብቃል። ደስ ካለሽ ትመልሺለታለሽ፤ ካላለሽ ጀርባሽን ሰጥተሽው ትሄጃለሽ። አለቀ።

በ2013 ጥር ታናሽ እህቷ አሪፋ ልታገባ ስትል «የጭፈራ አስተማሪ ካልተቀጠረልኝ» ብላ አለቀሰች። ታላቅ ወንድማቸው ዘይኑልአቢዲን የባጃጅ ዕቃ ይሸጣል፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። እያጉረመረመ ቀጠረ። የመጣው ሱሩር የሚባል ቀጭን ልጅ ነው፤ ሚዜዎቹን ግቢ ውስጥ አሰልፎ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዙር!» ይላል።

ሀዲያ ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችው፤ መታገሥ አልቻለችም።

«ጭፈራ በቁጥር ነው እንዴ? ማባዛት ነው የምታስተምራቸው?»

ሚዜዎቹ ሳቁ። ሱሩር አልሳቀም። «አንቺ ብትገቢ ቁጥሩ ይጠፋብሻል።»

«እኔ ድሮም በቁጥር አልገባም።»

«እሱማ ያስታውቃል።»

ቢላዋውን አስቀምጣ ተነሳች። ፊቱ ሄዳ ቆመች፤ ያለ ዘፈን ያለ ጭብጨባ ትከሻዋን አንድ ጊዜ ብቻ ነቀነቀችው። ሱሩር ሦስት ላይ ነበር፤ «ዙር» ማለቱን ረሳው። ዓይኑንም ከእሷ ማንሳት አቃተው።

«ማን አስተማረሽ?»

«ይሄን ይማሩታል እንዴ?»

«አባቴ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የአምባሰልን ጭፈራ ከክቡ አውጥተው በመስመር ያሰለፉት እነሱ ናቸው። መስመሩን እኔ አላመጣሁትም፤ ካሜራውን ነው የጨመርኩት። መንግሥት ሲቀየር አባቴን ‹የቀበሌ ዘላይ› ብለው ሳቁበት። ከዚያ ወዲህ በእህቴ ሰርግ እንኳ ከወንበር ተነስቶ አያውቅም።»

ሰርጉ አለፈ፤ እነሱ አላለፉም። ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ እየሄዱ ያወራሉ፤ እሱ የአያቶቹን፣ የኪነቱን፣ የደሴን የካሴት ዘመን ጭፈራ አንድ በአንድ ያሳያታል፣ እሷ ትተቸዋለች። ስትቆጣ ይስቃል። ሲስቅ ይብስባታል። እንደዚህም ይዋደዳሉ።

በነሐሴ ሽማግሌ ላከ። አባቱ አባ ሙሐመድሁሴን ሁለት ሰው አስከትለው መጡ። ሀዲያ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች።

«የልጁ ሥራ ምንድን ነው?» አለ ዘይኑ፣ እያወቀ።

አባ ሙሐመድሁሴን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያንን ነገር ትቶታል። ባጃጅ ይዟል።»

ዘይኑ ወደ ፊት ጠጋ አለ።

«አባ፣ ሐይቅ ውስጥ የማላውቀው ባጃጅ የለም። ጎማውንም ፍሬኑንም የምሸጠው እኔ ነኝ። እስቲ ሰሌዳውን ይንገሩኝ።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

«ጨፋሪ ነው ቢሉኝ አስብበት ነበር። ለውሸታም ግን እህት የለኝም።»

በማግስቱ ሱሩር መንገዱ ላይ ጠበቃት። ከሩቅ ስታየው ጀምራ ጥርሷን ነክሳለች።

«ባጃጅህስ? የት አቆምካት?»

«አባቴ ነው። ‹ጭፈራ ካልን ይስቁብናል› አለኝ። እኔም ዝም አልኩ።»

«እኔ የወደድኩትን ሰውዬ ደብቀህ ሌላ ሰው ላክህልኝ። ዝም አልኩ ይላል ደግሞ!»

«ሀዲያ፣ ስሚኝ…»

«አልሰማም። ሥራህን በሰው ፊት በገዛ አፍህ እስክትናገር ድረስ ወላሂ ዓይኔን አታየውም።»

አላየውም። እሷም ማታ ማታ አለቀሰች እንጂ ቃሏን አላጠፈችም።

በጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅ ደረሰ። ሰው የያዘውን ይዞ ወጣ፤ ያልያዘውን ማን እንደበላው አላህ ያውቃል። ሀዲያና ዘይኑ እስከ ኮምቦልቻ በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሆነው ደብረ ብርሃን ገቡ። አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተፈናቃይ ሲመዘገብ ተሰለፉ። ብርዱ አጥንት ይገባል።

ከፊቷ የቆመውን ጀርባ አወቀችው። ሱሩር ነው፤ አባቱን በክንዳቸው ደግፏል። በሕይወት አለ! ስሙን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ መሐላዋ ትዝ ሲላት ዘጋችው።

«ስም?» አለ መዝጋቢው።

«ሱሩር ሙሐመድሁሴን።»

«ሥራ?»

ሱሩር አባቱን አየ።

«ሥራ ነው የምልህ ወንድሜ፣ ሰው ቆሟል!»

«በቃ… የቀን ሠራተኛ በለው።»

ቤቷን ጥላ ስትወጣ፣ እግሯ ሲቆስል፣ ሁለት ቀን ጦሟን ስታድር ያልጮኸች ሴት እዚህ ላይ ጮኸች።

«ጨፋሪ ነው! ጨፋሪ ብለህ ጻፍ!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ከሐይቅ ከወጣ ገና መሳቁ ነው። ሱሩር ዞረ፤ ፊቱ ደም መስሏል።

«በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?»

«እኔ ነኝ ያዋረድኩህ? ቤታችንን አስጥለው እንደ ከብት አሰለፉን፤ የቀረችህን አንድ ነገር ደግሞ አንተው ራስህ ትጥላታለህ?»

አባ ሙሐመድሁሴን የልጃቸውን ክንድ ለቀቁ። «እውነቷን ነው። እፍረቱ የኔ ነው ልጄ፤ አንተ አትሸከመው።»

ሱሩር ሀዲያን አያት። ረጅም ጊዜ አያት፤ እሷም ዓይኗን አልነፈገችውም። ከዚያ ወደ መዝጋቢው ዞረ።

«ሰርዘው። የጭፈራ አስተማሪ በል።» ቀጥሎ ዘይኑን፣ «ዘይኑ፣ ባጃጅ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ዋሽተንሃል። ሥራዬ ጭፈራ ነው፤ እህትህን ስጠኝ» አለው።

«እዚህ? ሰልፍ ላይ?»

«ሽማግሌ ልኬ ዋሸሁ። አሁን ራሴ መጣሁ።»

ዘይኑ የተሸከመውን ብርድ ልብስ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እናንተ ሰዎች፣ ሰርጋችሁን ሌላ ቦታ!» አለ መዝጋቢው። «ቀጥይ አንቺ። ስም?»

«ሀዲያ ኡበይድ።»

«ያገባሽ? ያላገባሽ?»

ሀዲያ ዞረች። ወንድሟን ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ ልመና የለበትም፣ ቁጣ ነው ያለበት። ሱሩርም አየው። ሰልፉም ጆሮውን ጣለ።

«ያላገባች በል» አለ ዘይኑ።

መዝጋቢው ሊጽፍ ሲያጎነብስ ግን ዘይኑ እጁን ወረቀቱ ላይ ጫነበት።

«ቆይ እስቲ፣ በእስክሪብቶ አትጻፈው፤ እርሳስ የለህም?»