ያልደረቀ ቀለም

ሠዓሊው ደምሌ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አርብ ገበያ ባለው ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ራሱ ከቀለም መፍጫው ድንጋይ ላይ ወድቆ ተፈንክቷል። ሚስቱ ፋንቱ ማለዳ ወጥታ ከሩቅ ወንዝ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ተማሪው ዋለ የሟቹን ራስ አቅፎ፣ ክንዱ ድረስ በደም ርሶ አገኘችው። ጩኸቷን የሰሙ ጎረቤቶች ገብተው ጠፍረው አሰሩት።

ዋለ የዐርባ ዓመት ሰው ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትቶ፣ ያሳደጉትን አለቆች አስቀይሞ፣ ሕያው የሚመስል የሰው መልክ በዘይት ቀለም መሳል ሊማር ከእስቴ መጣ። ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድም መልክ አልሆነለትም።

«ትናንት ‹አይሆንልህም፣ አገርህ ግባ› ብሎት ነበር» አለች ፋንቱ ነገሩን ሊመረምር ለመጣው መቶ አለቃ ይግዛው።

«እውነት ነው?» ሲል ዋለን ጠየቀው።

«እውነት ነው ጌታዬ። ዛሬ እግሩ ላይ ወድቄ ልለምነው መጣሁ። ወድቆ አገኘሁት።» ዋለ የሚያምነው እንደሌለ ገብቶታል።

መቶ አለቃው ደምሌ ጀምሮት ያላለቀውን የግራዝማች አያሌውን ምስል ቀርቦ አየ። ልብሱን በጣቱ ነካ፤ ፊቱን ነካ። የዋለንም መለማመጃ ሸራዎች አንድ በአንድ ገለጠ። ከዚያ ግራዝማችን አስጠራቸው።

«ስንት ጊዜ ተቀመጡለት?»

«አንዴ። ዓርብ፣ ከገበያ መልስ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥሁም። ምስሉን ስማዳ ላጨኋት ልጅ ወላጆች ልልከው ነበር።»

«ዋለ፣ ይህ ቀለም በስንት ቀን ይደርቃል?»

«ስስ ከሆነ በሦስት በአራት ቀን፣ ጌታዬ።»

«እንግዲህ ሁላችሁም ስሙኝ። ልብሱ ደርቋል፤ የዓርብ ነው። በምዕራቡ መስኮት የገባችው ፀሐይ ቀኝ ትከሻውን አብርታለች። ፊቱ ግን እርጥብ ነው፤ ዛሬ የተቀባ። ብርሃኑም በግራ፣ በምሥራቁ መስኮት የገባ የጠዋት ብርሃን ነው። ደምሌ ያላየውን አይስልም። ግራዝማች፣ ዛሬ ጠዋት እዚህ ተቀምጠው ነበር።»

«ዋለ ስሎት ቢሆንስ?» አሉ ግራዝማች።

«የዋለን ፊቶች ይመልከቱ። እንደ ግድግዳ ቅዱሳን ናቸው፤ አንዱም ጥላ የለውም። ይህን መሳል አይችልም። የጠዋቱ ብርሃን ደግሞ ያረፈው በግራ ዓይንዎ ሞራ ላይ ነው፤ ደምሌም እንዳየው ሳለው። የሙሽሪት ወላጆች ስለ ዓይንዎ የሚያውቁ አይመስለኝም።»

ግራዝማች ግራ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ሞራውን አጥፋው ብዬ ለመንሁት። ‹ያየሁትን አላጠፋም› አለኝ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላልሁም!»

ፋንቱ ደረቷን እየደቃች እሪ አለች። መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ የዋለን ገመድ ፈታ።

«ያተረፈህ አለመቻልህ ነው» አለው።

ዋለ ከመምህሩ ሬሳ ዓይኑን አልነቀለም።

«አሁንስ ማን ሊያስችለኝ ነው፣ ጌታዬ?»