ውሃ የጠየቀው ወለል

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። ተናድጄ ነው።

የሆነው በአባቴ በሰንበታ ላይ ነው። አዳማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ጋራዥ የመኪና ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥና ሲበይድ የኖረ ሰው ነበር። ወሬ አይወድም። ይህችን ግን እስኪሞት ድረስ አንዲት ቃል ሳይለውጥ ነግሮናል።

ሚያዝያ 1971 ዓ.ም.። ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

አብተው የሚባል የአንድ መሥሪያ ቤት ካድሬ ግራጫ ዝግ መኪና አስገባ።

"ቄራ የሚያጥብ ሞተር ይጫንበታል። ከነውሃ ታንከሩ። ከባድ ስለሆነ ወለሉን አጠናክር።"

"እሺ ጓድ። መጀመሪያ ጣውላውን ላንሳና ዝገቱን..."

"ጣውላውን እንዳትነካ! በላዩ ላይ ላሜራ በይድና ጨርስ።"

አባቴ በሸቀ። ጣውላ ላይ ብየዳ አይይዝም፣ ይቃጠላል። በልጁ ዕድሜ ያለ ሰው፣ የማያውቀውን ሥራ ያዘዋል!

አብተው እንደሄደ ጣውላውን ነቀለው።

ከሥሩ ያለውን ብረት በእጁ ዳሰሰ...

ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ሐሩር እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል።

ብረቱ ተቧጥጧል። በመሣሪያ አይደለም። አራት አራት መስመር፣ ጎን ለጎን...

በጥፍር።

ያኔ ገባው። በዚያ ሰሞን በከተማችን ማን በምን እየተጫነ እንደሚወሰድ ያልሰማ አልነበረም። የተወሰደ አይመለስም። እናት እንኳ ጮኻ አታለቅስም።

ጥርሱን ነክሶ መሰርሰሪያውን አነሳ። ለቡሎን የሚሆን አንድ ቀዳዳ በሳ።

ከቀዳዳው ትንፋሽ ወጣ።

ገባ... ወጣ... ገባ...

ወርዶ ከመኪናው ሥር ተጋደመ። አቧራ ብቻ። በቀዳዳው ብርሃን ይታያል። ማንም የለም።

ተመልሶ ሁለተኛውን በሳ።

"ውሃ..."

ሹክሹክታ ነው። ሦስተኛውን ሲበሳ በኦሮምኛ መጣ።

"ቢሻን..."

ያው ውሃ ነው የሚለው።

አባቴ አልሸሸም። የጋራዡን የውሃ ጀሪካን አንስቶ በቀዳዳው አንቆረቆረ። ሃያ ሊትር፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ።

አፈሩ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

"አትንካ አላልኩህም?"

አብተው በሩ ላይ ቆሟል።

"በዚህ መኪና ምን ስትጭኑ ነበር?" አለ አባቴ።

"ሲሚንቶ።"

"ሲሚንቶ ጥፍር አለው?"

አብተው ጆሮው ሥር ተጠጋ። "ሰንበታ... ልጆች አሉህ።"

ይሄኔ አባቴ ነደደ።

"እነዚህስ የሰው ልጆች አልነበሩም? እኔ አልሸፍንልህም! ራስህ በይደው!"

አብተው በጥፊ አጮለው። በዚያው ቀን ቀበሌ አሳሰረው።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ታስሮ ሲፈታ፣ አብተው ሹመት አግኝቶ አዲስ አበባ ሄዷል። አዎ፣ ተሾመ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

መኪናው ግን ጋራዡ በር ላይ ቆሞ አባቴን ይጠብቅ ነበር። ሾፌሩ አስፋው ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጋሽ ሰንበታ፣ ሞጆ ወስደን ላሜራ አስበየድንበት። ሞተሩም ታንከሩም ተገጠመ። ግን ስድስት መቶ ሊትር እንሞላለን፣ ቄራ ሳንደርስ ባዶ ነው።"

"ያፈሳል?"

"ጠብታ የለም። መንገዱም ደረቅ ነው። ደግሞ..." ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስነዳ ከኋላ ሰዎች ውሃ ሲውጡ ይሰማኛል።"

ሁለቱ ተጋግዘው ታንከሩንና ሞተሩን አወረዱ። አባቴ ብየዳውን ቆርጦ አዲሱን ላሜራ ገለበጠው።

ከሥር በኩል የመዳፍ አሻራ ብቻ ነው። እርጥብ መዳፍ። ሁሉም ወደ ላይ የገፋ። ቆጠረው... አሥራ ሰባት።

ላሜራውን አውጥቶ ግድግዳ አስደግፎ ፀሐይ ላይ አቆመው። የአዳማ ፀሐይ የታጠበ ልብስ በሩብ ሰዓት ያደርቃል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመው ጠበቁ።

አልደረቀም።

አባቴ እንደገና ቆጠረ። አሥራ ስድስት።

"አስፋው... ነካኸው?"

"ኧረ በማርያም! ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም።"

አሥራ አምስት...

አስፋው ጣቱን ቀሰረ። ከላሜራው አንድ ክንድ እልፍ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ፣ እርጥብ መዳፍ አለ። ከሱ አለፍ ብሎ ሌላ። እንደ ዓይነ ስውር ግድግዳ ይዘው ወደ ግቢው በር ይሄዳሉ።

አባቴ ተከትሏቸው ወጣ። መንገዱ ላይ ሰው የለም።

የግቢው የቆርቆሮ በር ግን በውጭ በኩል፣ ከላይ እስከ ታች፣ በእርጥብ መዳፍ ተሸፍኖ ውሃ ያንጠባጥባል።