የረይሃና ወንበር

«ኪሩ፣ ቁም! ከዛሬ ጀምሮ በተማሪዎች ፓርላማ የዘጠነኛ ‹ለ› ተወካይ አንተ ነህ። አጨብጭቡለት!» አሉ ቲቸር መሸሻ።

ክፍሉ አጨበጨበ። ኪሩ ቆሞ ፊቱን የፓርላማ አባል ፊት ለማስመሰል ሞከረ፤ ሆዱን የቆረጠው ሰው መሰለ። ተወካያቸው ረይሃና፣ ቤተሰቦቿ ወደ ቃሊቲ ስለተዛወሩ ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱን ለቅቃለች። ኪሩ ወንበሯን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲመኘው ነበር።

ጭብጨባው ሳያልቅ ሄርሜላ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ... ረይሃናን እኮ የመረጥናት እኛ ነን። ተመራጭ ሲለቅ ማሟያ ምርጫ ይደረጋል እንጂ ሰው አይሾምም። በዜግነት ትምህርት ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

ቲቸር መሸሻ መነጽራቸውን አወለቁ። ከፈተና ውጭ ያስተማሩትን የሚያስታውስ ተማሪ ገጥሟቸው አያውቅም።

«ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ለቀረው?»

«ሁለት ወርም ቢሆን የኛ ሁለት ወር ነው፣ ቲቸር።»

«አቦ አታካብጂ!» አለ ከኋላ የኪሩ ጓደኛ ኤርሚያስ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሄርሜላ አልሳቀችም፤ አልተቀመጠችምም። ቲቸርን ደወሉ አዳናቸው። «ነገ እናየዋለን» ብለው ወጡ።

በረፍት ሰዓት ኤርሚያስ ኪሩን ጎተት አደረገው። «ዝም በላት። ቲቸር ሾመውሃል፣ በቃ። ምርጫ ከሆነ ለሊሳ ይወዳደራል፤ ለሊሳ ከገባ ደግሞ...»

አልጨረሰውም። ለሊሳን ክፍሉ በሙሉ ይወደዋል፤ የዘበኛው ውሻ እንኳ ጭራውን የሚቆላው ለሱ ብቻ ነው።

ከትምህርት በኋላ ኪሩ ሄርሜላን ዊንጌት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኛት።

«ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምንም።»

«ለሊሳ እንዲያሸንፍ ነዋ!»

«ለሊሳ? ቀልዱን እወድለታለሁ። የምመርጠው ግን አንተን ነው።»

ኪሩ ጠጋ አላት። «ታዲያ... በነጻ ሲሰጠኝ ምን አስነሳሽ?»

«የሴቶቹ ሽንት ቤት ሁሌ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ ቲቸር መሸሻ ጋ ስለሆነ፣ በረፍት ሰዓት ለምነን ነው የምንገባው። ረይሃና ፓርላማው ላይ ልትናገር ነበር፤ ሳትደርስበት ሄደች። አንተ ትናገራለህ? በሾሙህ ሰውዬ ላይ?»

ኪሩ «አዎ» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ የቲቸር መሸሻን ፊት አሰበና መልሶ ዘጋው።

«እኛ ከመረጥንህ ግን ብትፈራም ትናገራለህ» አለች። «ከሳቸው ይልቅ እኛን ትፈራለሃ!»

ታክሲ መጣ። ሄርሜላ እየሳቀች ተጋፍታ ገባች። ክፍሉ ሁሉ ሲስቅባት ቆማ የቀረችው ለሱም ጭምር እንደነበር ለኪሩ የገባው ታክሲው ከሄደ በኋላ ነው።

በማግስቱ ቲቸር መሸሻ ገና ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ኪሩ ተነሳ።

«ቲቸር፣ ስለ ሹመቱ... እ... ማለቴ፣ አመሰግናለሁ። ግን ምርጫ ይደረግ። እወዳደራለሁ።»

«ነክቶሃል እንዴ?» አለ ኤርሚያስ በሹክሹክታ።

«ብትሸነፍስ?» አሉ ቲቸር።

ከኋላ ያሉት ከአሁኑ «ለሊሳ! ለሊሳ!» እያሉ ዴስክ መደብደብ ጀምረዋል። ኪሩ ወደ ሰሌዳው ሄደ፤ ጠመኔ አንስቶ ስሙን ጻፈ፤ ከስሩ ሰፋ ያለ ቦታ ተወ። ከዚያ ዞሮ ጠመኔውን ወደ ኋላ ወንበሮቹ ዘረጋ።

«ና ለሊሳ፣ ያንተንም ጻፍ።»