ሰሌዳው ላይ የተፈረመው ካርድ

የሊፍት ጠጋኙ ሬሳ ከጉድጓዱ ሲወጣ ኪሱ ውስጥ አንዲት የመመሪያ ገጽ ተገኘች። «ቁልፉን ወደ ጥገና አዙር፤ ሊፍቱ አይንቀሳቀስም» ትላለች። ሰውዬው አዙሯል። ሊፍቱ ግን ወረደበት።

መርማሪዋ ገጿን ይዛ የሊፍቱን ሶፍትዌር ወደሚሠራው ቡድን መጣች። የመመሪያው ጸሐፊ ወንበር ከክፍሉ ውጭ፣ ማተሚያ ማሽኑ አጠገብ ነበር። ሌሎቹ በየጠዋቱ እያንዳንዱ ለውጥ በካርድ በሚሰካበት ሰሌዳ ፊት ቆመው ሲመክሩ፣ አራት ዓመት ሙሉ «ና ግባ» ያለው የለም። ካርዱን ጠረጴዛው ድረስ ያመጡለታል፤ ለውጡን ሞክሮ፣ መመሪያውን ጽፎ ይፈርማል። ፊርማው የሌለበት ካርድ «ያለቀ» ከሚለው ረድፍ አይገባም።

«ቶሎ ቶሎ» እያሉ የሚጠሩት የቡድኑ መሪ አንድ ካርድ ነቅሎ ሰጣት።

«ይኸው። ከሦስት ሳምንት በፊት ለውጠነዋል። ቀዩ ማጥፊያም ካልተጫነ ቁልፉ ብቻውን አያቆምም። የጸሐፊው ፊርማ አለበት፤ ከእንግዲህ ማንን ሊጠይቁ ነው?»

ጸሐፊው ከበሩ ላይ ሆኖ ካርዱን አየ። ቢታሰር፣ የአልጋ ቁራኛ ለሆነች እናቱ ውኃ የሚያቀብላት የለም።

«እናቴ ትሙት አልፈረምኩም! ካርዱንም ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ቡድኑ የሶፍትዌር ፈታሽ ዞረች።

«ጸሐፊው መሞከሪያውን ከማን ነው የሚወስደው?»

«ከእኔ ነዋ። 'እስቲ አሳየኝ ወንድሜ' ብሎ ሳይነዘንዘኝ አንዲት መስመር አይጽፍም።»

«ለዚህኛውስ?»

ፈታሹ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «ለዚህኛው... አልመጣም።»

ለውጡን የሠራችው ፕሮግራመር ሳትጠየቅ ተቆጣች። «እኔ ኮድ ነው የምጽፈው እህቴ፤ መልእክተኛ አይደለሁም! የሥራው ዙር ዓርብ ይዘጋ ነበር፤ ለማን ልንገር?»

መርማሪዋ አራቱንም ሰሌዳው ፊት ሰበሰበቻቸው። ጸሐፊው እዚያ ሲቆም የመጀመሪያው ነበር።

«ፊርማው አንድ ፊደልና አንድ ጭረት ነው፤ ማንም ይቀዳዋል። ግን ሃያ ካርዶቹን አየሁ። ጠረጴዛ ላይ ስለሚፈርም ቀለሙ አይቆራረጥም። የዚህኛው መሀሉ ነጥፏል። እስክሪብቶ ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ሲጻፍበት ቀለሙ ይከዳል። ስለዚህ ካርዱ እንደተሰካ፣ በጠዋቱ ስብሰባ ተፈርሟል፤ እሱ በማይገባበት። ፈታሹ 'አልመጣም' አለ፤ ፕሮግራመሯ 'ለማን ልንገር' አለች። ሁለቱም በራሳቸው ላይ መሰከሩ። ፊርማውን አንስተው ያሳዩኝ እርስዎ፣ መሪው፣ ብቻ ነዎት። ዓርብ ዙሩ ባይዘጋ የሚጠየቁትም እርስዎ።»

መሪው ወደ ፈታሹና ወደ ፕሮግራመሯ ጠቆመ። «ለአንድ ፊርማ? በማግስቱ ልነግረው እኮ ነበር! እነሱስ ሲያዩኝ ለምን ዝም አሉ?»

ሁለቱ አንገታቸውን ደፉ።

ፖሊሶች መሪውን ይዘውት ሲወጡ ጸሐፊው እፎይ አለ። መርማሪዋ ግን ቀረብ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ይህ በር መስታወት ነው። ያን ዕለት ሲያወሩ እርስዎ አልሰሙም?»

የቁልፉን ለውጥ ሰምቷል። ቃል በቃል። መጥተው እስኪለምኑት ነበር የጠበቀው፤ ሦስት ሳምንት።

«ሰምቻለሁ» አለ።

መርማሪዋ ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ለዚህ የሚሆን ክስ የለኝም። ወደ እናትዎ ይሂዱ።»

ኮሪደሩ ላይ የጠጋኙ ሚስት ቆማለች። የሐሰት ፊርማውን ነገር ነግረዋታል። የጸሐፊውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«አይዞህ ወንድሜ፤ አንተንም በድለውሃል» አለችው። እጇ ትኩስ ነበር፤ አልለቀቀችውም።