«ለርን» የተባለው ግስና የጋሽ ቃላት ሞት

ጋሽ ቃላት በመዝገበ ቃላት ዝግጅት ክፍል ውስጥ፣ ከረጅሙ የካርድ መደርደሪያ ሥር በጀርባቸው ተዘርረው ተገኙ። መሰላሉ ላያቸው ላይ ወድቋል። ከሬሳው እምብዛም ሳይርቅ ዋና አዘጋጁ ብስኩት በሻይ እየነከረ ይበላል። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ያን አየች። ሬሳ ለምዳለች፤ ይህን ግን አልለመደችም።

«ይጣፍጣል?» አለችው።

«ቁርስ ሳልበላ ነው የጠሩኝ፤» አለ ፍርፋሪውን ከክራባቱ ላይ እያራገፈ። «ምስኪን ሽማግሌ! መሰላል አትውጣ ብዬው ነበር።»

ሐኪሙ ከሬሳው አጠገብ ቀና አለ። «ወድቀው አይደለም። የወደቀ ሰው ጭንቅላቱን አንዴ ነው የሚመታው። እሳቸው አንዱን ቦታ ሁለቴ ተመትተዋል።»

ዋና አዘጋጁ ብስኩቱን ዋጠና ጣቱን ጥግ ወደቆመችው የክፍሉ ጽሕፈት ሠራተኛ ቀሰረ። «እንግዲያማ እሷ ናታ! እኔ ትናንት በጊዜ ቤቴ ገብቻለሁ። መጨረሻ የወጣችው እሷ ናት። ሽማግሌው ሁልጊዜ ይጮኽባት ነበር።» ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንዲሉ፣ መሐረብ አውጥቶ ደረቅ ዓይኑን ጠረገ።

ፖሊሶቹ ሴትዮዋን መሃላቸው አስገቡ። መኪናው ደጅ ቆሟል። «ኧረ ቤት የሚጠባ ልጅ አለኝ!» ብትልም የሰማት አልነበረም። መርማሪዋ «ቆይ፣ እስቲ ላነጋግራት» ባትል ኖሮ ይዘዋት መሄዳቸው ነበር።

«ለምንድን ነው የሚጮኹብሽ?»

«ጆሯቸው ከብዶ ነዋ፣ እትዬ! ደህና አደርሽ ሲሉኝም ይጮኻሉ።»

«ሰሞኑን ምን ይሠሩ ነበር?»

«አንድ ቃል። ከእንግሊዝኛው ‹ለርን› የሚለውን ግስ። ‹መማር› ብሎ ጽፎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ጋሼ ግን የቃሉን ዘር ማንዘር ካላወቁ አያልፉም። ሥሩ ዱካ ነው፣ ማረሻ ትቶት የሚሄደው ትልም ነው ይሉኝ ነበር። መማር ማለት ቀድሞ የሄደውን ዱካውን ይዞ መከተል ነው። ድሮ ደግሞ ቃሉ ለማስተማርም ያገለግል ነበር። ተራው እንግሊዛዊ ዛሬም እንደዚያ ሲናገር የተማረው ይስቅበታል። ‹የሚስቁት የቃሉን አያት ስለማያውቁ ነው› ይላሉ።» ዓይኗን በመዳፏ አበሰች። «ትናንት ከዋና አዘጋጁ ቢሮ ተቆጥተው መጡ። ‹ነገ እሱ ስለዚህ ግስ ንግግር ሲያደርግ አዳራሹ መሃል ቆሜ እናገራለሁ› አሉኝ። ምኑን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

ሦስተኛው የክፍሉ ሰው ረዳት አዘጋጁ ነበር፤ ባልደረቦቹ «እሺ ጌታዬ» ይሉታል። መርማሪዋ እሱን ብቻውን በክፍሉ ማዶ ወዳለው የጋሽ ቃላት ጠረጴዛ ወሰደችው፤ እዚያ በጨርቅ የተሸፈነ ሣጥን አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የኤል ሣጥን ነው። በኤል ፊደል የሚጀምሩት የእንግሊዝኛ ቃላት ካርዶች ሁሉ እዚህ ውስጥ ናቸው። የምንሠራበትን ሣጥን አውርደን፣ መደርደሪያው አቧራ እንዳይገባው ያው ፊደል የተለጠፈበት ባዶ ሣጥን እንተካለን። ጋሽ ቃላት ይሄን ካወረዱት ሰነባብቷል።»

መርማሪዋ ሁሉንም ከመደርደሪያው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ነገ ስለዚሁ ግስ ንግግር ያደርጋሉ አሉ፤» አለችው ዋና አዘጋጁን።

ፊቱ በራ። «የፕሮፌሰርነት ንግግሬ ነው!» ሬሳው ገና ሳይነሣ ጉሮሮውን ጠረገና ዱካውን፣ ትልሙን፣ የቃሉን አያት ሳይቀር አነበነበው። ጽሕፈት ሠራተኛዋ ፊቷን አዞረች።

«ግሩም ነው። ከየት አገኙት?»

«ከካርዶቹ ነዋ!» ወደ ላይ አመለከተ። «ሰሞኑን ራሴ መሰላል ወጥቼ፣ ከዚያ ሣጥን፣ አንድ በአንድ አንብቤ።»

«ጋሽ ቃላትስ ትናንት ለምን ወጡ?»

«እነዚያኑ ካርዶች ሊያወርድ ነዋ።»

መርማሪዋ አንዱን ፖሊስ መሰላል አስወጣችው። ሣጥኑን ስቦ ገለበጠው። ከውስጡ ብናኝ እንኳ አልወረደም።

«እንግዲህ ስሙ፤» አለች። «ሰውየው ተመትተው ከሞቱ፣ መሰላሉ የመጣው ለማስመሰል ነው። ያስመሰለው ሰው ካርዶቹ እዚያ ላይ ያሉ መስሎታል። እነዚህ ሁለቱ ሠራተኞች ካርዶቹ ጠረጴዛው ላይ እንደነበሩ ስለሚያውቁ መሰላሉን እዚህ አያቆሙትም። ይሄን የማያውቀው፣ በዚህ ክፍል አንድ ቀን ሥራ ያልሠራ ሰው ብቻ ነው፤ ስሙ ግን ሽፋኑ ላይ በትልቁ ይታተማል። እርስዎ፣ ዋና አዘጋጁ፣ ካርዶቹን ካላዩ የቃሉን ታሪክ የሰሙት ከጋሽ ቃላት አፍ ነው። ሥራቸውን ሰረቁ፤ እሳቸውም በአዳራሹ ፊት ሊያጋልጡዎት ነበር። በጊዜ ቤትዎ ከገቡስ፣ መጨረሻ የወጣችው እሷ መሆኗን ማን ነገረዎት?»

ዋና አዘጋጁ ‹እኔ ነኝ የነገርኩት› እንዲልለት ወደ እሺ ጌታዬ ዞረ። እሺ ጌታዬ ጫማውን ያያል።

«ለአንድ ቃል!» ብሎ ጮኸ ዋና አዘጋጁ። «ለአንዲት ቃል ብሎ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ?»

ፖሊሶቹ ሴትዮዋን ለቀው እሱን ያዙት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «ንግግሩ ተሰረዘ እንዳትሉ። ተራዘመ በሉልኝ።»

መርማሪዋ ብትመልስለት አፏ የሚቆሽሽ መሰላት። ወደ ረዳቱ ዞረች። «አንተ ሣጥኑ ታች መሆኑን እያወቅህ ሴትዮዋ ስትያዝ ዝም አልህ?»

«በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ነው፤» አለ። ከዚያም ኮቱን አስተካክሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «ካርዶቹ እስካሉ ድረስ፣ የነገውን ንግግር እኔም ላቀርበው እችላለሁ።»

ጽሕፈት ሠራተኛዋ ሣጥኑን ከጠረጴዛው አንሥታ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ጋሼን ቀብረን እስክንመለስ ይሄን የሚነካ ካለ፣ እስቲ እጁን ይዘርጋ!»

እሺ ጌታዬ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።