ከላ ሙዳ ገደል ሥር

ኤሊሴዮን ላ ሙዳ ደሴት ላይ፣ ከገደሉ ሥር ተንጋሎ አገኙት። እግሩ ተሰብሯል እንጂ ጭንቅላቱ ጭረት እንኳ አልነካውም።

«የገደለው ብርዱ ነው» አለ ሐኪሙ። «ቶሎ ቢደረስለት ይተርፍ ነበር።»

ኢንስፔክተር ኤልቪራ ማንሲያ ጎንበስ ብላ የሟቹን ቀበቶ አየች። የመገናኛ ሬዲዮው ማኅደር ተከፍቷል፤ ሬዲዮው የለም።

ኤሊሴዮና ታናሽ ወንድሙ ሬሚሂዮ፣ የቺሎዌ ደሴቶችን ሊጎበኙ የሚመጡ ሰዎችን በጀልባ ወደ ፔንግዊኖቹ ደሴት እየወሰዱ ነበር የሚኖሩት። ኤሊሴዮ በሞተበት ቀን ግን ደሴቱ ላይ የወጣ ጎብኚ አንድ ብቻ ነው፤ ከሳንቲያጎ የመጣው ፎቶ አንሺ፣ ፋቢያን።

«ተጣልተናል፣ አልክድም» አላት ፋቢያን። «የፔንግዊን ጎጆ ረገጥክ ብሎ ጮኸብኝ። ሰድቤው በራሴ ጀልባ ቀዝፌ ሄድኩ። ስሄድ በእግሩ ቆሞ ነበር።»

ሬሚሂዮ በጨርቅ በተጠቀለለ እጁ ጠረጴዛውን መታ። «ውሸታም! እኔ ወንድሜን አድርሼ ተመለስኩ እንጂ ደሴቱን አልረገጥኩም። ሌላ ማን ነበረ?»

«እጅዎን ምን ነካዎት?»

«ቢላ ነው። ዓሣ ስከትፍ።»

የሟቹ ሚስት ኦርቴንሲያ አላለቀሰችም። «ሐሙስ በከተማው ምክር ቤት ፊት ሊናገር ነበር» አለች። «ፔንግዊኖቹ እያለቁ ነው፣ ጉብኝቱ ይቁም ሊል። ወንድሙ ‹ልጆቼን ልታስርብ ነው› ብሎ አኩርፎታል።»

በማግስቱ ኤልቪራ ሦስቱንም በኦርቴንሲያ ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸውና ጭቃ የለበሰውን ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይሄ ሬዲዮ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል» አለች። «ባሕር ቢጥሉት ማዕበሉ መልሶ ያወጣዋል። ይህን የሚያውቅ የባሕር ሰው ነው መሬት ውስጥ የሚደብቀው። በደሴቱ ላይ ያለው ጉድጓድ ደግሞ የፔንግዊን ጎጆ ብቻ ነው። ጎጆዎቹን አስፈተሽኩ፤ ከአንዱ ተገኘ። ሬሚሂዮ፣ ጨርቁን ይፍቱት።»

አልፈታም። ኤልቪራ ራሷ ፈታችው። ቁስሉ ከእጁ ጀርባም ከመዳፉም በኩል ነበር፤ አንዱ ከሌላው ትይዩ።

«ቢላ በአንድ በኩል ነው የሚቆርጠው። በሁለት በኩል የሚነክስ ግን ጎጆውን የሚጠብቅ ፔንግዊን ነው። ፋቢያን እጁ ላይ ምንም የለም። ደሴቱን አልረገጥኩም ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«አልገፋሁትም!» አለ ሬሚሂዮ። «ተመልሼ ሄጄ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ። ስንጨቃጨቅ አዳልጦት ነው የወደቀው!»

«ይሆናል። ከዚያ ግን ገደሉን ዞረህ ወረድክ። ወንድምህ በሕይወት ነበር። ሰው ሊጠራበት የያዘውን ሬዲዮ ከእጁ ነጠቅከው።»

ሬሚሂዮ አንገቱን ደፋ። «ስሜን እየጠራ ነበር» አለ።

ኦርቴንሲያ ቀስ ብላ ተነሳች።

«የዚያን ዕለት ማታ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሾርባዬን ጠጣህ» አለችው። «‹ደሴቱ ላይ ሊያድር ነው፣ አትጠብቂው› አልከኝ። እኔ ደግሞ ጨምሬ ቀዳሁልህ።»

ሐሙስ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ኦርቴንሲያ ባሏን እየቀበረች ስለነበር ስለ ፔንግዊኖቹ የሚናገር አልተገኘም፤ ጉብኝቱ እንዲቀጥል ተወሰነ። ኤልቪራ ከተማውን ለቃ ስትሄድ አንድ ጀልባ ጎብኚዎችን ጭኖ ወደ ላ ሙዳ ሲያመራ አየች። ተሳፋሪዎቹ እጃቸውን አውለበለቡላት። እሷ ግን አጸፋውን አልመለሰችም።