በሁለቱ በሮች መካከል

ይህ የሆነ ነገር ነው። ያላመነ አይመን... እኔም ባላምነው ደስ ባለኝ።

ጎንደር፣ ሐምሌ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጉሙ የቤተ ሙከራውን መስኮት ሸፍኖታል። ውስጥ ያለነው እኔና የጥናት ጓደኛዬ ልዕልት ብቻ ነን።

የምናጠናው ሲሞቅ ቅርጹን የሚቀይር ሞለኪውል ነው። አንዷ ክፍሉ ከቦታዋ ተነቅላ ሌላ ቦታ ትተከላለች። የሚጎድልም የሚጨመርም የለም።

ግን እንዴት ትሻገራለች? በመካከል ያለውን ቅርጽ ዓይን አይቶት አያውቅም። ከቅጽበት በላይ አይቆይም።

ስለዚህ ሙቀቱ ላይ እንዳለ ከተራው እጅግ በሚቀዘቅዝ ደረቅ በረዶ ውስጥ ነክረን መንገድ ላይ ልናስቆመው አሰብን።

"መለኪያውን ላዘጋጅ" አለች ልዕልት። "ደግሞ ብቻዬን ቀረሁ ብለህ እንዳትጮህ፣ አንተ ሰውአገኝ!"

"ሂጂ እባክሽ።"

መለኪያው ያለው በአጭር መተላለፊያ ማዶ ባለው ክፍል ነው። መተላለፊያው ወዲህና ወዲያ በር አለው።

የወዲህኛው በር ከኋላዋ ተዘጋ። በዚያው ቅጽበት ሞለኪውሉ ያለበትን ትኩስ ብልቃጥ በረዶው ውስጥ ነከርኩት።

ቀለም አልባው ፈሳሽ ደም መሰለ።

"ልዕልት! ያዝነው!"



የወዲያኛው በር ሲከፈት አልሰማሁም።

ሄጄ አየሁ። መተላለፊያው ባዶ። የመለኪያው ክፍልም ባዶ። ወደ ቤተ ሙከራው ተመለስኩ።

"ሰውአገኝ..."

ድምፁ የመጣው ከባዶው መተላለፊያ ነው።

"ምነው? የት ነሽ?"

"እዚሁ... በረደኝ።"

ቀስ ብዬ ወደ ብልቃጡ ዞርኩ። ገባኝ፤ እሷም እንደ ሞለኪውሉ መንገድ ላይ ቆማ ቀርታለች። መግባቱ ራሱ አስፈራኝ።

"ከበረዶው ላወጣው ነው! በገባሽበት በር ተመለሺ፣ ሰማሽ?"

"እሱ በር... አሁን የለም።"

ከሞቀ ወደፊት እንጂ ወደኋላ እንደማይመለስ አውቃለሁ። እንዳልተወው ደግሞ ድምጿ እየቀጠነ ነው።

"ቶሎ በል፣ ወንድሜ..."

አወጣሁት።

ቅላቱ ጠፋ። የወዲያኛው በር ሲጢጥ አለ...

ሮጥኩ።

ልዕልት ቆማለች። ፊቷ ያው፣ ፈገግታዋም ያው። አቀፍኳት። አለቀስኩ።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለች እየሳቀች። "ሙከራው ተበላሸ እንዴ?"

እንባዬን ልትጠርግልኝ ጓንቷን አወለቀች።

ጣቶቿ አምስት ናቸው።

አውራ ጣቷ ግን የበቀለው ከትንሿ ጣቷ ወዲያ ነው።

በእሱ ጉንጬን ጠረገችኝ... ሞቃት ነበር።